ጎርፍ መንገድ ካላገኘ መንገድ ያበጃል

ዛሬ የምናጠናው ስለ ጎርፍና ስለ ቦይ ነው። ጎርፍን የማያውቅ ገበሬ የለም። ሐምሌ ገብቶ ሰማዩ ሲጠቁር፣ ነጎድጓዱ ከወዲያኛው ተራራ ሲያጉረመርም የሁላችንም ልብ ይሰጋል። «የዘራሁት ይተርፍ ይሆን? ቤቴ ውሃ ይገባበት ይሆን?» እንላለን።

ዝናብ ለገበሬ ሲሳይ ነው። ያለ ዝናብ እሸት የለም፣ እንጀራም የለም። ነገር ግን ይኸው ሲሳይ መሄጃ ሲያጣ ጠላት ይሆናል። አፈሩን ጠርጎ ይወስዳል። ዘሩን ያበሰብሳል። ማሳውን ለሁለት ይከፍላል። አንዳንዴም ሰውና ከብት ይወስዳል። ስለዚህ ውሃውን መንገድ እናበጅለታለን። እኛ መንገድ ካላበጀንለት እሱ በማሳችን መሐል የራሱን መንገድ ያበጃል።

ይህን ትምህርት ቀስ ብላችሁ አንብቡ። አዲስ ቃል ሲገጥማችሁ መጨረሻ ላይ ትርጉሙን ፈልጉ። ሰብሰብ ብላችሁ፣ አንዱ እያነበበ ሌላው እያዳመጠ ብትወያዩበት ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

1. ውሃው ምን ያህል ነው?

አንድ ቀን ከባድ ዝናብ ዘነበ እንበል። በዝናብ መለኪያ ሲታይ 30 ሚሊ ሜትር ሆነ። 30 ሚሊ ሜትር ማለት 3 ሳንቲ ሜትር ነው። የሁለት ጣት ስፋት ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል። እስቲ እናስላው።

አንድ ሄክታር ማለት በአንድ ጎኑ 100 ሜትር፣ በሌላው ጎኑም 100 ሜትር የሆነ መሬት ነው። 100 በ100 ሲባዛ 10,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። በዚህ ሁሉ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ውሃ ቢተኛ 300 ሜትር ኩብ ነው። ይህም 300,000 ሊትር ማለት ነው። አንድ ትልቅ በርሜል 200 ሊትር ይይዛል። ስለዚህ በአንድ ሄክታር ላይ የዘነበው ውሃ 1,500 በርሜል ነው።

ግማሹ መሬት ውስጥ ሰረገ፣ ግማሹ ቁልቁል ወረደ ብንል፣ ከአንድ ሄክታር 750 በርሜል ይወርዳል። ከእናንተ በላይ ያለው ተዳፋት 10 ሄክታር ቢሆንስ? 7,500 በርሜል ይሆናል። አስቡት! 7,500 በርሜል ውሃ በአንድ ጊዜ ማሳችሁ ላይ ቢገለበጥ ምን ይተርፋል?

እንግዲህ የጎርፍ ጉልበት ከዚህ ነው። የአንዱ ማሳ ውሃ ብቻውን ብዙ አይጎዳም። ከብዙ ማሳ የመጣው ሲገናኝ ግን ድንጋይ ያንከባልላል።

2. ውሃ ሦስት ዕድል አለው

መሬት ላይ የወደቀ ዝናብ ከሦስት አንዱን ያደርጋል።

አንደኛ፣ ይሰርጋል። አፈሩ ልል ከሆነ፣ ሣርና ዛፍ ካለበት፣ እርከን ከተሠራበት ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ ውሃ ለሰብሉ ይሆናል፤ በበጋም ምንጭ ሆኖ ይወጣል።

ሁለተኛ፣ ይፈሳል። መሬቱ ተዳፋት ከሆነና ከተራቆተ ውሃው ለመስረግ ጊዜ አያገኝም። አፈሩን ይዞ ይሮጣል።

ሦስተኛ፣ ይተኛል። መሬቱ ሜዳ ከሆነና አፈሩ ጥቁር ዋልካ ከሆነ ውሃው ከላይ ይቆማል። የሰብሉ ሥር አየር ያጣል። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ስንዴውም ባቄላውም ይቀጭጫል።

ስለዚህ የእኛ ሥራ ሦስት ነው። ከላይ ያለውን ውሃ እንዲሰርግ እናደርጋለን። የሚፈሰውን በቀስታ እንመራለን። የተኛውን እናጠነፍፋለን። አንዱን ሠርቶ ሌላውን መተው ሥራውን ግማሽ ያደርገዋል።

3. ካለፈው ጎርፍ ምን እንማራለን?

በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአገራችን በብዙ ቦታ ከባድ ጎርፍ ደረሰ። ሁለቱን ቦታዎች እንይ።

የመጀመሪያው ድሬዳዋ ነው። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ በከተማው መሐል ያልፋል። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፤ በዳርቻውም ቤት ተሠርቶ ነበር። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ሌሊት፣ ከሐረርጌ ተራሮች የወረደው ጎርፍ በድንገት ደረሰ። ሰው በተኛበት ከ200 በላይ ሕይወት ጠፋ። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ደረቅ ወንዝ ወንዝ መሆኑን አይተውም። ጎርፍም እኛ ሰፈር ዝናብ ሳይዘንብ፣ ሩቅ ካለው ተራራ ሊመጣ ይችላል።

ሁለተኛው የፎገራ ሜዳ ነው። ፎገራ ከጣና ሐይቅ አጠገብ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ ተነሥተው በሜዳው አድርገው ወደ ጣና ይገባሉ። ከደጋው አፈር ይዘው ይወርዳሉ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ይደክማል። ያን ጊዜ የተሸከሙትን አፈር ያራግፋሉ። አፈሩ የወንዙን ሆድ ይሞላዋል። ሆዱ የሞላ ወንዝ ደግሞ ውሃውን መያዝ ስለማይችል ከዳር ወጥቶ በሜዳው ይበተናል። በ1998 ክረምትም ወንዞቹ ከዳር ወጥተው ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። የፎገራን ሜዳ የሞላው አፈር የደጋው ገበሬ ማሳ የነበረ አፈር ነው። ደጋው አፈሩን አጣ፤ ሜዳው በደለል ተዋጠ። ሁለቱም ተጎዱ። የላይኛው ሥራ ከታችኛው ሥራ አይለይም።

ደግሞም የፎገራ ገበሬ ሌላ ብልሃት አስተምሮናል። ውሃ የሚተኛበትን መሬት ሁሉ አላደርቅም አለ። ውሃ የሚወድ ሰብል፣ ሩዝ ዘራበት። ዛሬ ፎገራ በሩዝ የታወቀ አገር ነው። ስለዚህ ቦይ ከመቆፈር በፊት «ይህ ውሃ ይጠቅመኛል ወይስ ይጎዳኛል?» ብላችሁ ጠይቁ።

4. መጀመሪያ በዝናብ ውጡና እዩ

ቦይ በበጋ ይቆፈራል። ዕቅዱ ግን በክረምት ይታያል። በበጋ ሁሉም መሬት ደህና ይመስላል። ስለዚህ አንድ ቀን ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ውሃው ገና እየወረደ ሳለ፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ በሰፈሩ ዙሩ። መብረቅ እያለ ግን አትውጡ። እነዚህን ጥያቄዎች ያዙ፦

ሀ. ውሃው ከየት ይመጣል? ከተራራው ነው? ከመንገዱ ነው? ከጎረቤት ማሳ ነው?
ለ. የት ይሰበሰባል? የት ይተኛል?
ሐ. የት ላይ አፈር መቦርቦር ጀምሯል?
መ. በመጨረሻ ወዴት ይሄዳል? በማን መሬት ያልፋል?

የመጨረሻው ጥያቄ ዋናው ነው። ብዙ ሰው ውሃውን ከማሳው ማስወጣት ብቻ ያስባል። ወጥቶ የት እንደሚደርስ አያስብም። ጠቡም ቦረቦሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ያያችሁትን በወረቀት ሣሉ። ሥዕል አላውቅም አትበሉ። ተራራውን፣ ቤቶቹን፣ መንገዱንና ወንዙን በመስመር አስቀምጡ። ውሃው የሚሄድበትን በቀስት አመልክቱ።

5. የቦይ ዓይነቶች

የመጀመሪያው መቀልበሻ ቦይ ነው። ከማሳው ወይም ከሰፈሩ በላይ፣ ተዳፋቱን አግድም አቋርጦ ይቆፈራል። ከተራራ የሚመጣውን ጎርፍ ማሳው ሳይደርስ ይቀልበዋል፤ ወደ ጎንም ይወስደዋል። የተቆፈረው አፈር በታችኛው በኩል ይደለደላል። ተመልሶ ቦዩ ውስጥ እንዳይንሸራተት በቦዩና በአፈሩ መሐል አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ይተዋል።

ሁለተኛው ፈሰስ ነው። ፈሰስን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከአባቶቻችን የተማርነው ነው። ዘር ከተዘራ በኋላ በማረሻ ሰያፍ ይቀደዳል። በማሳው ውስጥ ያለውን ትርፍ ውሃ ያወጣል። ፈሰስ ጥሩ ነው። ግን ሁለት ችግር አለበት። ቁልቁል በጣም ከቀናችሁት ራሱ ቦረቦር ይሆናል። መጨረሻውን ሳታበጁለት ከተዋችሁት ደግሞ የጎረቤትን ማሳ ይበላል።

ሦስተኛው ዋና መውረጃ ነው። መቀልበሻ ቦዩም ፈሰሱም ውሃቸውን የሚያስረክቡት ለእሱ ነው። ቁልቁል ወደ ወንዝ ይወርዳል። ስለሚወርድ ጉልበት አለው። ስለዚህ ሰፋ ብሎ፣ ጥልቀቱ አነስ ብሎ ይሠራል። ውስጡም ሣር ይለብሳል። ሣር ያልለበሰ መውረጃ በአንድ ክረምት ገደል ይሆናል። በጣም ቁልቁል በሆነበት ቦታ ድንጋይ ይነጠፍበታል።

ጥቁር ዋልካ መሬት ያላችሁ ደግሞ መደብና ቦይ ሥሩ። በሰሜን ሸዋ፣ በሞረትና ጅሩ፣ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ከድሮ ጀምሮ አፈሩን በእጃቸው እያነሡ መደብ ይሠራሉ። ሰብሉ መደቡ ላይ ይበቅላል፤ ውሃው በቦዩ ይወጣል። በዚህ ሥራ ሴቶችና ልጆች ብዙ ይደክማሉ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተመራማሪዎች ሁለት ማረሻ በማጣመር በበሬ የሚሳብ መደብ ማውጫ ሠሩ። መደቡ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። በመሐል ያለው ቦይ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ዋልካ ላይ ገበሬው ዝናቡ እስኪጋብ ድረስ ሳይዘራ ይጠብቅ ነበር። ውሃው በቦይ ከወጣለት ግን ስንዴውን ቀደም ብሎ መዝራት ይችላል።

6. ቁልቁለቱ ስንት ይሁን?

ቦይ በጣም ቁልቁል ከሆነ ይቦረቦራል። በጣም ከጠፈጠፈ ውሃው አይሄድም፤ ደለል ይሞላዋል። ልኩ በመሐል ነው። የመቀልበሻ ቦይ በ100 ሜትር ርዝመት ከ25 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ይበቃዋል።

ይህን በዓይን መለካት አይቻልም። ዓይን ያታልላል። ግን በቀላል መሣሪያ ይቻላል። የሚያስፈልጉት ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች፣ የሲባጎ ገመድና የግንበኛ ውሃ ልክ ናቸው። እንዲህ አድርጉ፦

አንደኛ፣ የመጀመሪያውን እንጨት ከመሬት 1 ሜትር ላይ ምልክት አድርጉበት። ሁለተኛውን 1 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጉበት።

ሁለተኛ፣ ገመዱን በምልክቶቹ ላይ እሰሩ። በሁለቱ እንጨቶች መሐል ያለው ገመድ 10 ሜትር ይሁን። ውሃ ልኩን በገመዱ እኩሌታ ላይ አንጠልጥሉ።

ሦስተኛ፣ አንድ ሰው የመጀመሪያውን እንጨት ቦዩ በሚጀምርበት ቦታ ያቁም። ሌላው ሰው ሁለተኛውን ይዞ ቦዩ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ገመዱን ይወጥር። ሦስተኛው ሰው ውሃ ልኩን ይመልከት።

አራተኛ፣ የውሃ ልኩ አረፋ ወደ ፊተኛው ሰው ከሸሸ፣ ያ ሰው ከፍ ብሎ ቆሟል ማለት ነው፤ ትንሽ ወደ ታች ይውረድ። አረፋው ወደ ኋላ ከሸሸ ትንሽ ወደ ላይ ይውጣ። አረፋው መሐል ላይ ሲቆም እዚያ ችካል ትከሉ።

አምስተኛ፣ የኋላው ሰው ወደ ችካሉ ይምጣ። የፊተኛው ሌላ 10 ሜትር ይሂድ። እንዲህ እያላችሁ ቀጥሉ።

በዚህ መንገድ ቦዩ በየ10 ሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። በ100 ሜትር 50 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ችካሎቹ ጠመዝማዛ መስመር ቢሠሩ አትደነቁ። ቦይ የመሬቱን ጠባይ ይከተላል።

7. የሁለት ጎረቤታሞች ነገር

አንድ ገበሬ ከላይ፣ አንድ ገበሬ ከታች ያርሳሉ እንበል። የላይኛው በዕድሜ ይበልጣል። አንድ ቀን የታችኛው መጣና እንዲህ አለ፦

«ጋሼ፣ የእርስዎ ፈሰስ እኔን ጨረሰኝ። አምና ስንዝር የማይሞላው ዘንድሮ ሰው ይውጣል። ማሳዬ ለሁለት ሊከፈል ነው።»

የላይኛውም መለሰ፦ «አንተ ልጅ፣ እኔስ ምን ላድርግ? ውሃውን እላዬ ላይ አስተኝቼ ጤፌን ላበስብሰው? ለእኔም የሚመጣብኝ ከእኔ በላይ ካለው ነው።»

ማን ተሳሳተ? ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የላይኛው ውሃውን ማውጣት አለበት። የታችኛውም ማሳው መቆረስ የለበትም። የጎደለው ስምምነት ነው። ሁለቱ ተጣልተው ቢካሰሱ ጎርፉ የችሎቱን ቀጠሮ አይጠብቅም።

እንግዲህ መፍትሔው ይህ ነው። በላይ፣ በመሐልና በታች የሚያርሱት ሁሉ ይሰብሰቡ። ሽማግሌዎችና የግብርና ባለሙያው ይገኙ። መውረጃው በማሳዎቹ ድንበር ላይ እንዲወርድ ይስማሙ። ከዚህም ከዚያም ትንሽ ትንሽ መሬት ይተዋል።

መሬት መስጠት ያማል። ይህን አንክድም። 3 ሜትር ስፋትና 100 ሜትር ርዝመት ያለው መውረጃ 300 ካሬ ሜትር መሬት ይወስዳል። ድንበሩ ላይ ያሉት ሁለቱ ሰዎች እኩል ቢካፈሉት እያንዳንዳቸው 150 ካሬ ሜትር ይሰጣሉ። ነገር ግን ሌላውን ሂሳብ ደግሞ አስሉ። ቦረቦር አይጠግብም። ዘንድሮ 2 ሜትር የሆነው ከርሞ 4 ይሆናል። የሄደው አፈርም አይመለስም። መውረጃው ላይ የበቀለው ሣር ግን ለከብት ይታጨዳል። ብዙ መሬት የለቀቀ ሰው ሣሩን ይጨድ፤ ትንሽ የለቀቀው ወይም ምንም ያልለቀቀው ደግሞ በጉልበቱ ይካስ።

ስምምነቱን በቃል ብቻ አትተዉት። ቃል ይረሳል። አሁን ማንበብና መጻፍ ታውቃላችሁ። ይህን በደብተራችሁ ላይ ገልብጡ፤ ባዶውንም ሙሉ፦

«እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተጻፈው፣ ማሳችን በ______ ጎጥ የሚገኝ፣ ዛሬ ______ ቀን ______ ዓ.ም. ስለ ጎርፍ መውረጃ ተስማምተናል። መውረጃው ከ______ ተነሥቶ እስከ ______ ይወርዳል። ስፋቱ ______ ሜትር ነው። ማንም ሰው መውረጃውን አያርስም፣ አይዘጋም፣ ውሃም ከዚህ ውጭ ወደ ጎረቤቱ አይለቅም። በየዓመቱ በግንቦት ወር ሁላችንም ወጥተን እንጠርጋለን። ሣሩን የሚያጭደው ______ ነው። ስምና ፊርማ። የእማኞች ስምና ፊርማ።»

አንድ ቅጂ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። ባል ብቻ ሳይሆን ሚስትም ትፈርም። መሬቱ የሁለቱም ነው።

8. ሥራው ከየት ይጀመራል?

ውሃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። የቦይ ሥራ ግን ከታች ወደ ላይ ይሠራል። መጀመሪያ መውረጃው ይሠራል። ሣር ይተከልበታል። ሰርዶ፣ ደሾ ወይም ሌላ ሥሩ የሚይዝ ሣር ይሆናል። ሣሩ አንድ ክረምት ይያዝ። ከዚያ በሚቀጥለው በጋ መቀልበሻ ቦዩ ተቆፍሮ ከመውረጃው ጋር ይገናኛል። ቸኩላችሁ ሣሩ ሳይዝ ውሃውን ከለቀቃችሁበት በገዛ እጃችሁ ቦረቦር ቆፈራችሁ ማለት ነው።

እስቲ ጉልበቱን እናስላ። 200 ሜትር የሚሆን መቀልበሻ ቦይ ልንቆፍር ነው እንበል። የላይ ስፋቱ 1 ሜትር፣ የታች ስፋቱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 50 ሳንቲ ሜትር ነው።

አማካይ ስፋቱ 75 ሳንቲ ሜትር ነው። 0.75 በ0.50 ሲባዛ 0.375 ይሆናል። ይህን በ200 ሜትር ስናባዛው 75 ሜትር ኩብ አፈር ነው። አንድ ሰው በቀን 1 ሜትር ኩብ ቢቆፍር፣ አንድ ሰው ብቻውን 75 ቀን ይፈጅበታል። 25 ሰዎች ቢወጡ ግን በ3 ቀን ይጨርሱታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለዚህ ነው። መሬቱ ድንጋያማ ከሆነ ቀኑ ይጨምራል። ትልቅ ተራራ ከበላያችሁ ካለ ግን ይህ ልክ አይበቃም፤ ስፋቱንና ጥልቀቱን ከግብርና ባለሙያው ጋር ወስኑ።

ከቦዩ በላይ ያለውንም መሬት አትርሱ። እርከን ሥሩ። ዛፍና ሣር ትከሉ። ከብት እንዳይረግጠው ከልሉት። ከላይ የሰረገ ውሃ ከታች ጎርፍ ሆኖ አይመጣም።

9. ቦረቦርና የመንገድ ውሃ

ቦረቦር ከጀመረ ገና ትንሽ ሳለ ያዙት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በድንጋይ ወይም በእንጨት ክትር ሥሩበት። ክትሩ መሐሉ ዝቅ፣ ዳርና ዳሩ ከፍ ይበል። ለምን? ውሃው በመሐል እንዲያልፍ ነው። መሐሉ ከፍ ካለ ውሃው በዳር ዞሮ ክትሩን ጥሎት ይሄዳል። የክትሩ ሁለት ጫፍ በቦረቦሩ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ይያዝ። ውሃው ዘሎ የሚወድቅበትም ቦታ ድንጋይ ይነጠፍ።

ሌላው የመንገድ ውሃ ነው። መንገድ ሲሠራ ውሃ በቱቦ ያልፋል። ቱቦው በደለል፣ በጭራሮና በፌስታል ይደፈናል። ያን ጊዜ ውሃው መንገዱን ዘሎ ቤት ይገባል። ቱቦውን መጥረግ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። የጠረጋችሁትን ደለል ቦዩ አፋፍ ላይ አትተዉት። የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል። ቱቦው ራሱ ከጠበበ ወይም ውሃውን ሰው ማሳ ላይ ከጣለው ደግሞ ለወረዳው በጽሑፍ አመልክቱ።

10. በቤት ዙሪያ

ቤታችሁን ዙሪያውን በትንሽ ቦይ አጥሩ። ከጣራ የሚወርደው ውሃ ግድግዳውን እንዳይበላ ያርቀዋል። የውሃ ጉድጓድ ካላችሁ አፉን ከፍ አድርጋችሁ ገንቡ፤ ጎርፍ እንዳይገባበት ክዳን ይኑረው። መጸዳጃውን ከጉድጓዱ በታች፣ ቢያንስ 30 ሜትር ያህል አርቃችሁ ሥሩ። ጎርፍ የገባበትን የጉድጓድ ውሃ ሳታፈሉ አትጠጡ።

የተኛ ውሃ ለወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። ኩሬው ከሳምንት በላይ እንዳይቆይ በቦይ አውጡት ወይም በአፈር ሙሉት። ስለዚህ ቦይ ማሳን ብቻ ሳይሆን ልጅንም ያድናል።

11. ሥራው በየወቅቱ

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፦ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ መውረጃና ቦይ ይቆፈራል፤ ክትርና እርከን ይሠራል።
ግንቦት፦ ሁሉም ቦይና ቱቦ ይጠረጋል። የተናደው ይጠገናል።
ሰኔ፦ ዝናቡ መሬቱን ሲያርሰው ሣርና ችግኝ ይተከላል።
ሐምሌና ነሐሴ፦ ከከባድ ዝናብ በኋላ ሁሉ ቦዩ ይታያል። የተደፈነው ወዲያው ይከፈታል።
መስከረም፦ ሁላችሁም ተሰብስባችሁ «ዘንድሮ የት ያዘልን? የት አመለጠን?» ብላችሁ ትወያያላችሁ። የተባለው በደብተር ይጻፋል።

12. ቦይ የማይችለው ነገር

እውነቱን እንነጋገር። ቦይ የሰፈርን ጎርፍ ያበርዳል። ትልቅ ወንዝ ከዳር ሲወጣ ግን ቦይ አያቆመውም። ያን ጊዜ ሕይወት ይቅደም። ወንዝ ዳር ያላችሁ ሰዎች ከፍ ያለውን መሬት ከወዲሁ ምረጡ። ሌሊት ማን ማንን እንደሚቀሰቅስ ተነጋገሩ። አቅመ ደካማውን ማን እንደሚያወጣ ወስኑ። የዘር እህሉን ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡ።

የደፈረሰ ጎርፍ አትሻገሩ። እስከ ጉልበት የሚደርስ ፈጣን ውሃ ጎልማሳውን ይጥላል። «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ» ይባላል። ከብት ለማዳን ብሎ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ከከብቱ ጋር ይሄዳል። ልጆችም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ወንዙ ከሞላ እስኪጎድል ይቆዩ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በእናንተ ሰፈር ጎርፍ ከየት ይመጣል? በመጨረሻስ ወዴት ይሄዳል?
2. የቦይ ሥራ ከታች ወደ ላይ የሚሠራው ለምንድን ነው?
3. የክትር መሐል ዝቅ የሚለው ለምንድን ነው?
4. ከላይ ያነበባችሁት የሁለቱ ጎረቤታሞች ነገር በእናንተ ዘንድ አጋጥሟል? እንዴት ተፈታ?
5. ሂሳብ፦ 120 ሜትር ርዝመት ያለው ቦይ በየ10 ሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስንት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል? (መልሱ፦ 60 ሳንቲ ሜትር።)

የቃላት ትርጉም

ተዳፋት፦ ወደ ታች ያዘነበለ መሬት።
ደለል፦ ውሃ ተሸክሞ አምጥቶ የሚያስቀምጠው አፈር።
ክትር፦ በቦረቦር ውስጥ ውሃን ለማብረድ የሚሠራ ግድብ።
መቀልበሻ ቦይ፦ ጎርፍን ከማሳ በላይ ይዞ ወደ ጎን የሚመልስ ቦይ።
ውሃ ልክ፦ ግንበኛ ቀጥታን የሚለካበት፣ ውስጡ አረፋ ያለበት መሣሪያ።
ቦረቦር፦ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ የቆፈረው ገደል።

ውድ አንባቢዎች፣ ይህን ትምህርት አንብባችሁ አታስቀምጡት። ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ አንብቡለት። ከዚያም በሚቀጥለው ዝናብ አብራችሁ ውጡና ውሃው የሚሄድበትን እዩ። በበጋው ደግሞ ዶማና አካፋችሁን ይዛችሁ ተገናኙ።